ችካል ብሎን፦ ለጥርስ ማስተካከያ የሚገባ ጊዜያዊ መያዣ

ጥርሷን ለማስተካከል ሽቦ ያሳሰረች ወጣት «ሚኒ ኢምፕላንት ያስፈልግሻል» ስትባል ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ኢምፕላንት ሲባል የምታውቀው በወለቀ ጥርስ ቦታ የሚተከለውን፣ ዕድሜ ልክ እንዲኖር የሚታሰበውንና ዋጋው የማይቀመሰውን ነው። ሐኪሟ ያሰበው ግን ሌላ ነው፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ገብቶ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚወጣ ትንሽ ብሎን። እኔ «ችካል ብሎን» ብለን ብንጠራው እመርጣለሁ።

ነገሩ የሚገባው ከጉተታው ሲጀመር ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ሲገፉ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በግራም በቀኝም ከክራንቻው ቀጥሎ ያለውን ጥርስ ይነቅልና የፊቶቹን ወደ ክፍተቱ ይስባል። የሚስበው ላስቲክ ወይም ሞላ ሌላው ጫፉ የሚታሰረው ከኋላ፣ መንጋጋ ጥርስ ላይ ነው። ኒውተን እንዳስተማረው እያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው፤ የፊቱ ጥርስ ወደ ኋላ ሲሳብ የኋላውም ወደ ፊት ይመጣል። ጥርስ ተነቅሎ የተገኘው ክፍተት በከፊል ያለ ጥቅም ይዘጋል። ይህን ያልተፈለገ እንቅስቃሴ የመቋቋም አቅም በሙያው አንኮሬጅ ይባላል፤ «የመያዣ ጥንካሬ» ልንለው እንችላለን።

ቀድሞ መያዣው ከአፍ ውጭ ይፈለግ ነበር። ታካሚው ከማጅራቱ ወይም ከራሱ ጋር የሚታሰር የሽቦ ማሰሪያ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ማድረግ ነበረበት። ካላደረገው ሕክምናው ይቆማል።

መያዣውን አጥንት ላይ የማድረግ ሐሳብ የቆየ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ጌንስፎርዝና ሂግሊ በውሾች መንጋጋ ላይ ሞክረውት ብሎኖቹ አንድ ወር ገደማ ውስጥ ላሉ። በ1983 ክሪክሞርና ኤክለንድ ከአፍንጫ ሥር ባስገቡት ብሎን የአንዲትን ታካሚ የላይኛው የፊት ጥርሶች 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ማንሳት ቻሉ። ጃፓናዊው ካኖሚ ደግሞ በ1997 ውፍረቱ 1.2፣ ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን አስተዋወቀ። ያን ያህል ሲቀጥን በጥርስ ሥሮች መካከል የሚገባበት ቦታ ተገኘ።

ዛሬ አብዛኛው ከታይታኒየም ቅይጥ ይሠራል። ሲገባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሆን ተብሎ ጥቂት ይሆናል፣ ምክንያቱም ድዱ ቢደነዝዝም የጥርሱ ሥር ዙሪያ ስሜቱን እንዳያጣ ይፈለጋል። ታካሚዋ ጫና ብቻ ከተሰማት ደህና ነው፤ ስለታም ሕመም ከተሰማት ግን ብሎኑ ወደ ሥሩ ተጠግቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ቆም ብሎ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም፤ መናገር ያስፈልጋል።

ወደ ስሙ ስንመለስ፣ መልህቅ ማለትም ይቻል ነበር። ችካልን የመረጥኩት ተቸክሎ ስለሚታሰርበትና ኋላ ስለሚነቀል ነው፤ «ተቸከለልኝ»፣ «ተነቀለልኝ» ለማለትም ይመቻል። የተለመደው ኢምፕላንት አብዛኛውን ጊዜ አጥንት እስኪዋሐደው ወራት ይጠበቃል። ችካል ብሎን ግን አጥንቱን ነክሶ ስለሚይዝ ወዲያው ሊሳብበት ይችላል። ሲነቀልም የማያስቸግረው ከአጥንቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይዋሐድ ነው።

ጥቅሙ በመጎተት አያበቃም። የኋላ ጥርሶች ሲገጥሙ የፊቶቹ ክፍት የሚቀሩበት ሰው የላይኛው መንጋጋ ጥርሶቹን በችካሉ ወደ ላይ ማስገባት ይቻላል። ለአንዳንዱ እንዲህ ያለ ታካሚ ቀድሞ የነበረው ምርጫ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ነበር።

እርግጥ ነው፣ ይላላል። ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት ከ100 ብሎኖች 13 ወይም 14 ያህሉ ከጊዜያቸው በፊት ይወድቃሉ። አጥንቱ ስስ ከሆነ፣ ብሎኑ የጥርስ ሥር ከነካ ወይም ዙሪያው ያለው ድድ ከተቆጣ አደጋው ይጨምራል። ከእነዚህ በታካሚዋ እጅ ያለው የመጨረሻው ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ዙሪያውን ማጽዳት። ችካሉ በምላስ ሲነካ ከተነቃነቀ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም መንገር ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ይነቀልና ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ይቸከላል።