በአየር ላይ ያለውን የቆጠረ ሐኪም

በ1819 ዓ.ም. በማርች ወር ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን በአንድ የሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ አንድ በሽተኛ ጽሑፍ አነበበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽተኛው የ46 ዓመት ሰው ሲሆን፣ በየዓመቱ ጁን በገባ ቁጥር ዓይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፤ ያለማቋረጥ ያስነጥሰዋል፤ ደረቱም ይጠበዋል። ስሙን «ጄ. ቢ.» ብሎ ብቻ አለፈው። ይኸውም ራሱ ተናጋሪው ነበር።

ቦስቶክ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ደም አስወጣ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፣ ኦፒየምና ባዜቃ ወሰደ። ከሁሉም የተሻለ እፎይታ ያገኘው በጋውን በባሕር ዳር በተከራየው ቤት ሲያሳልፍ ነበር፤ ሆኖም ምክንያቱን አላወቀውም። በ1828 ዓ.ም. ሁለተኛ ጽሑፉን ሲያቀርብ ከልዩ ልዩ ቦታ ያሰባሰባቸው በሽተኞች ሠላሳ አይሞሉም ነበር። ጥፋተኛውም የበጋው ሙቀት ነው ብሎ ደመደመ። ሕዝቡ ግን በሽታውን «የድርቆሽ ትኩሳት» ብሎ ሰየመው፤ ሣር ታጭዶ በሚደርቅበት ወቅት ስለሚነሣ ነው። ስሙ ግን አሳሳች ነው፤ በሽታው ትኩሳትም የለው፣ ጥፋቱም የድርቆሹ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የግምት ዘመን ሆነ። አንዱ ብርሃኑን፣ ሌላው ኦዞንን፣ ሌላው የሣሩን ሽታ ከሰሰ። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሄልምሆልትስ እንኳ የዚሁ ሕመም ተጠቂ በመሆኑ፣ በአፍንጫው ፈሳሽ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ጥቃቅን ሕያዋን ተጠያቂ አድርጎ የኪኒን ውሕድ አፍንጫው ውስጥ ይጨምር ነበር።

ግምቱን በቁጥር የተካው ቻርልስ ብላክሊ ነው። ብላክሊ በማንቸስተር ከተማ በማተሚያ ሥራ ላይ ቆይቶ በኋላ ሕክምና የተማረ ሰው ሲሆን፣ እሱም በሽተኛ ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ በአበባ ማስቀመጫ ከተቀመጠ የሣር እቅፍ አጠገብ ሲደርስ ማስነጠስ ጀመረው። ሌላ ሰው ቢሆን እቅፉን አውጥቶ በጣለው ነበር፤ እሱ ግን ከሣሩ አበባ የሚወጣውን ብናኝ ሰብስቦ አስቀመጠ። ወቅቱ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይም ሙቀትም በሌለበት ጊዜ፣ ብናኙን ወደ አፍንጫው ሳበው። ሕመሙ እንዳለ መጣ። ክንዱን ፋቅ አድርጎም ብናኝ ቢያኖርበት ቆዳው አበጠ። ዛሬ በየክሊኒኩ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ ጥንቱ ይኸው ነው።

እኔን እንደ መሐንዲስ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። ስስ የመስታወት ቁራጮችን ግሊሰሪን ባለበት ተጣባቂ ቅባት ቀብቶ፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ከሜዳ አኖራቸው። በየ24 ሰዓቱም እያነሣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ያረፈውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ቆጠረ። በጋውን ሙሉ ይህን እያደረገ፣ ቁጥሩን ከዝናቡ፣ ከፀሐዩና ከራሱ ስቃይ ጋር አስተያየ። ዝናብ ሲጥል ቁጥሩ ይወድቃል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይነሣል፤ አፍንጫውም ቁጥሩን ይከተላል። ይህም አልበቃው ብሎ መስታወቱን በካይት ላይ አስሮ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ላከው። በዚያ ከፍታ የተገኘው ብናኝ ከምድሩ የበለጠ ሆነ። እንግዲያው ብናኙ ከሩቅ ይጓዛል፤ ሜዳ የሌለው የከተማ ሰውም አያመልጠውም ማለት ነው። ውጤቱን በ1873 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ።

አንድ ነገር ግን ለብላክሊ ራሱ እንቆቅልሽ ሆኖበታል። ቀኑን ሙሉ በሣር ውስጥ የሚውለው ገበሬ እምብዛም አይታመምም ነበር፤ የሚታመመው የተማረውና የከተማው ሰው ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

በዚያው ዘመን ባለጸጋ አሜሪካውያን መፍትሔ ያደረጉት ሽሽትን ነበር። በኒው ሃምፕሽር ተራሮች ላይ ባለችው ቤተልሔም በምትባል ከተማ በ1874 ዓ.ም. የበሽተኞች ማኅበር አቋቁመው፣ ወቅቱ እስኪያልፍ በሆቴል ይከርሙ ነበር። የሚሸሽበት ገንዘብ የሌለው ሰው ግን እዚያው ከሕመሙ ጋር ይቀራል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ተስፋ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ነው። በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሊዮናርድ ኑን የሣር ብናኝ ጭማቂን ከጥቂቱ ጀምሮ መጠኑን እያሳደገ በመርፌ መስጠት ጀመረ። ለዚህም አስቀድሞ መለኪያ አበጀ፤ ከአንድ ማይክሮግራም ብናኝ የሚወጣውን ጭማቂ አንድ አሐድ አደረገው። በ1913 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሲሞት ሥራውን ባልደረባው ጆን ፍሪማን ቀጠለው።

የብላክሊ መስታወት ግን ጉድለት ነበረው፤ የወደቀውን እንጂ በአየሩ ውስጥ ያለውን አይለካም። በ1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሮተምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ጂም ሂርስት ይህን አቃና። እሱ ያሰበው ለሰው አፍንጫ ሳይሆን ለሰብል በሽታ ነበር። መሣሪያው በደቂቃ 10 ሊትር አየር በጠባብ ስንጥቅ ይስባል፤ ከስንጥቁ ጀርባም የተቀባው ገጽ በሰዓት 2 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ስንት ብናኝ እንዳለ ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደመጣ ይታወቃል። በሽተኛውም የዕለቱን ቁጥር ከጋዜጣ ለማንበብ በቃ። ቁጥሩ በሚበዛበት ቀን መስኮቱን ይዘጋል፤ ልብሱን ውጭ አያሰጣም፤ ማታ ጠጕሩን ይታጠባል፤ የአፍንጫ መድኃኒቱንም ወቅቱ ሳይገባ አስቀድሞ ይጀምራል።

በአገራችን ክረምቱ ሲወጣ የሚያስነጥሰው ሰው አደይ አበባን ሲወቅስ እሰማለሁ። አደይ ግን ቀለሟ የደመቀው ነፍሳትን ለመጥራት ነው፤ ብናኟም ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። ይልቅ መጠርጠር ያለበት አበባው ለዓይን የማይሞላው፣ ብናኙን ለነፋስ የሚሰጠው ሣርና ዛፍ ነው። በቅርብ አሥርተ ዓመታት በየመንገዱ ዳርና በየማሳው የተስፋፋው ቅንጨ አረም፣ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም፣ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን ቆዳን እንደሚያስቆጣና እንደሚያስነጥስ በሕንድና በአውስትራሊያ በሚገባ ተረጋግጧል። መንገድ የሚሠራ ባልደረባዬ ሁሉ የቆፈረውን አፈር ሲያጓጕዝ ዘሩን አብሮ እንደሚያጓጕዝ ይወቅ፤ አረሙም የሚነቀለው ነጭ አበባው ከመታየቱ በፊት፣ በጓንት ነው።