ከደቻቱ በላይ የኖሩት አዳኞች

ድሬዳዋ ስንት ዓመቷ ነው? ይህን ጥያቄ ለማንኛውም የድሬ ልጅ ብታቀርቡለት መልሱ ምላሱ ላይ ነው፤ «ባቡር ነው የወለዳት» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ጣቢያው ቆመ፣ ከተማዋ ተከተለች። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ ቀጥ ባሉትና ዛፍ ባጠላባቸው መንገዶቿ፣ ከደቻቱ ወዲያ ደግሞ መጋላ በጠባብ መተላለፊያዎቿና በገበያዋ አደጉ። በመሀላቸው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ተኝቷል።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከባቡሩ ትንሽ ቀደም ብለን መጀመር እንፈልጋለን። ትንሽ ስንል 40 ሺህ ዓመት ገደማ ማለታችን ነው።

ከከተማዋ ወደ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ገራድ ኤረር የሚባል የኖራ ድንጋይ ኮረብታ አለ። ከኮረብታው አናት አጠገብ፣ ከደቻቱ አሸዋ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንድ ዋሻ አፉን ከፍቶ ቁልቁል ይመለከታል። የዓለም አርኪዮሎጂስቶች ፖርክ ኤፒክ ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ «ጃርት» ማለት ነው። በአዲስ አበባ ስለ ሉሲ የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለ ጃርቱ ዋሻ የሚያውቅ የድሬዳዋ ተማሪ ግን ስንት ነው? እስቲ እኛም የምናውቀውን እናካፍል።

ሁለት ቄሶችና አንድ ኮንትሮባንዲስት

ዋሻው ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት መንገድ ራሱ ለድሬዳዋ የሚመጥን ነው። አንሪ ደ ሞንፍሬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ በቀይ ባሕር ላይ ጦር መሣሪያና ሐሺሽ ያሻግር የነበረ፣ ይህንንም በገዛ መጽሐፎቹ ያለ እፍረት የተረከ ሰው ነው። ወዳጁ ቴያር ደ ሻርዳን በበኩሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር። እነዚህ የማይገጥሙ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1929 ዋሻውን ያገኙት። (ኮንትሮባንድና ድሬዳዋ መቼ ተዋወቁ ለሚል ሰው ይህም አንድ መረጃ ነው።)

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ሌላው ቄስ አንሪ ብረይ ከፖል ቬርነር ጋር መጥቶ ቁፋሮ ተደረገ። የግድግዳው ሥዕሎች ተጠኑ፤ ከአፈሩ ውስጥም የሰው መንጋጋ ቁራጭ ወጣ። ቀጥሎ ዋሻው ለአርባ ዓመት ያህል ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ታዋቂው የአፍሪካ አርኪዮሎጂ ሊቅ ዴዝሞንድ ክላርክ ቁፋሮውን እንደገና ጀመረ፤ ኬኔት ዊሊያምሰንም እስከ 1976 ገፋበት። አገሩ ስለ መሬት ለአራሹ ሲጮህ፣ እነሱ ማረስ የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት የነበሩ ሰዎችን ኑሮ ከአፈር ውስጥ በብሩሽ እየጠረጉ ያወጡ ነበር።

ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ከ60 ሺህ ዓመት በላይ ተገምቶ ነበር። በኋላ በቀንድ አውጣ ዛጎሎች ላይ የተደረገው የካርቦን ልኬት ግን ወደ 40 ሺህ ዓመት አካባቢ አወረደው። ቢወርድም ለእኛ ይበቃናል።

አዳኙ ምን ይበላ ነበር?

የዋሻውን አጥንቶች ከመረመሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው ዘለዓለም አሰፋ ነው። ከጥናቱ የምንረዳው፣ ማዕዱ ላይ በብዛት ይቀርቡ የነበሩት ትንንሽና መካከለኛ መጠን ያላቸው የሚዳቋና የድኩላ ወገን እንስሳት እንደነበሩ ነው። እንደ ሽኮኮ ያሉ ትንንሽ እንስሳትም አልቀሩም። አጥንቶቹ ላይ የድንጋይ ስለት ሥጋ ሲገፍ የተወው ጭረት ይታያል። በድንጋይ ተመትተው የተሰበሩ አጥንቶችም አሉ፤ ምክንያቱ መቅኒ ነው። እኛ ዛሬ ሥጋ ቤት ገብተን «ቅልጥሙ ለማን ይድረስ?» ብለን የምንጣላበት ነገር ቢያንስ የ40 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ጠብ ነው ማለት ነው።

ማሳውስ? በዘመናችን አሜሪካ ውስጥ ያሉ አዳኞች አጋዘን እንዲመጣላቸው በጫካ ጥግ ቁራሽ መሬት አርሰው ሳርና ጥራጥሬ ይዘራሉ፤ ከዚያ ማማ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። የገራድ ኤረር ሰዎች ዘር አላስፈለጋቸውም። ዘሪው ደቻቱ ነበር። ውሃ ባለፈበት ሳርና ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ሳር ባለበት ግጦሽ ፈላጊ እንስሳ ይመጣል። ማማቸውም ዋሻው ነው። ክላርክና ዊሊያምሰን ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው፦ ዋሻው በወቅቱ ተመጥቶ የሚታደንበት ሰፈር ነበር፤ ከዚያ ከፍታ ሆኖ በአፋር ቆላና በሐረርጌ ደጋ መካከል የሚመላለሱትን መንጋዎች መከታተል ይቻል ነበር።

ቤተሰብና ወዳጅ

አደን ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ከዋሻው የወጣው ሌላ ነገር ነው ተመራማሪዎችን ያስደነቀው፤ ቀይና ቢጫ አፈር፣ በሳይንሱ አጠራር ኦከር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከ1975 እና 1976 ቁፋሮ የተገኙ 4,213 ቁርጥራጮችን ቆጥሯል፤ ክብደታቸው ሲደመር 40 ኪሎ ግራም ነው። መፍጫ ድንጋዮችም ከነቀለማቸው ተገኝተዋል። አንዲት ክብ ጠጠር ደግሞ ግማሽ አካሏ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ነበር፤ አጥኚዎቹ ለስላሳ ነገር ላይ፣ ምናልባትም ቆዳ ላይ፣ ቀለም ለማተም ያገለገለች ማኅተም ሳትሆን አትቀርም ይላሉ።

ይህን ቀለም የመፍጨት ሥራ በዋሻው ውስጥ 4,500 ዓመት ለሚያህል ጊዜ ተከናውኗል። አሠራሩ ቀስ በቀስ እየተለወጠ እንጂ ሳይቋረጥ። ቆም ብለን እናስብ፤ አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢሆን ይህ 180 ትውልድ ነው። ጽሕፈት በሌለበት፣ ትምህርት ቤት በሌለበት፣ አንድ እውቀት 180 ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የትኛው አፈር ጥሩ ቀለም እንደሚሰጥ፣ በምን ድንጋይ እንደሚፈጭ ለልጅ የሚያሳይ አዋቂ ከሌለ ይህ አይሆንም። እኛ ቤተሰብ የምንለው ነገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያስፈልገዋል?

መዋቢያም ነበራቸው። ከ400 በላይ የሚሆኑ መሀላቸው የተበሳ የቀንድ አውጣ ክዳኖች ተገኝተዋል፤ ያጠኑዋቸው ሰዎች እንደ ዶቃ ሳያገለግሉ አልቀሩም ባይ ናቸው። ድሬዎች፣ መሽቀርቀር ከባቡሩ ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ!

ስለ ወዳጅ የሚናገረው ደግሞ ጥቁሩ ባልጩት ነው። አብዛኛው መሣሪያቸው ከሌላ ድንጋይ የተሠራ ቢሆንም ጥቂቱ ከዚህ እንደ መስታወት ከሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። ይህን ያጠኑት አጋዚ ነጋሽና ስቲቨን ሻክሊ የድንጋዩን ኬሚካላዊ ቅንብር መርምረው ምንጩን ለይተዋል፤ አይሉ፣ አሰቦትና ቆኔ። ከዋሻው 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ፣ ቆኔማ እስከ 250 ኪሎ ሜትር የሚርቁ ቦታዎች ናቸው። በእግር ሄደው አመጡት ብንል የብዙ ቀን መንገድ ነው። ከጎረቤት ጎረቤት እየተቀባበሉት ደረሰ ብንል ደግሞ በመሀል የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ ከሰፈራቸው ውጭ ያለውን ዓለም ያውቁ ነበር። አሰቦት ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የባቡሩ ጣቢያ መሆኗን ስናስብ፣ ሐዲዱ አዲስ መንገድ ከፈተ ከማለት አሮጌ መንገድ ላይ ብረት አነጠፈ ማለት ይቀላል።

ታዲያ ማን ቀድሞ መጣ?

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለጠቅላላ እውቀት ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ የሻይ ቤት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሥራ ይሰጣል፣ ሥራ ይነሳል። ወንበር ይደለድላል። የከተማዋ ሥልጣን ለዓመታት ሲከፋፈልበት የቆየው 40-40-20 የሚባለው ቀመር፣ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለሌላው፣ ብዙ ወጣት ከአንድ ሰፈር ልጅነት ወደ መቶኛ ቁጥርነት እንዲወርድ አድርጓል። አብረው ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ሲራገጡ ያደጉ ልጆች ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ነው አንዱ አርባ፣ አንዱ ሃያ መሆኑን የሚያውቀው።

የጃርቱ ዋሻ ሰዎች ለዚህ ክርክር ምን ይላሉ? ኦሮምኛ አልተናገሩም። ሶማሊኛም፣ አማርኛም፣ ሐረሪኛም አልተናገሩም፤ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱም ያኔ አልተወለደም። መቅደም መብት የሚሰጥ ከሆነ ድሬዳዋ መቶ በመቶ የእነሱ ናት፤ እኛ ሁላችን መጤዎች ነን። መቅደም መብት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ክርክሩን ትተን አብሮ የመኖሩን ነገር እንነጋገር። ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ መንገድ ቢኖር እኛ አልታየንም።

ወንዙም የራሱን ድርሻ ይናገራል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሰው በተኛበት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ጎርፉ የማንንም ብሔር አልጠየቀም። በማግስቱ አሸዋ ውስጥ እጃቸውን ከተው ሲፈልጉ የዋሉትም ሰዎች «ይሄ የእኛ ነው፣ ያ የእነሱ ነው» እያሉ አልነበረም። ያን ቀን ድሬዳዋ ቀመር አልነበራትም። ያን ቀን የነበረችውን ድሬ ለማግኘት ግን የግድ ጎርፍ መጠበቅ አለብን?

አንድ ነገር እንጠይቅ። ከዋሻው የወጣው ቅርስ አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ጥበቃው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከዋሻው ሥር ተወልዶ ያደገ ልጅ አያቶቹ ከተቀመጡበት በፊት እዚያ የተቀመጡትን ሰዎች ለማየት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የለበትም። ቢያንስ ቅጂውና ታሪኩ እዚሁ ይሁን። የድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች የከተማዋን ታሪክ ሲያስተምሩ ከጣቢያው ሳይሆን ከኮረብታው ይጀምሩ።

እስከዚያው ግን እኛው እንጀምር። ፀሐይ በረድ ስትል፣ ደቻቱን በድልድዩ ስትሻገሩ፣ ወደ ደቡብ ቀና ብላችሁ ኮረብታዎቹን እዩ። እዚያ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህንኑ ወንዝ ይመለከት ነበር፤ አጠገቡ እሳት፣ ከእሳቱ አጠገብ ልጆቹ፣ በእጁም ከሩቅ ወዳጅ አገር የመጣ ጥቁር ድንጋይ። ይህ ሰው የድሬ ልጅ ካልሆነ ማን ነው የድሬ ልጅ?