ኖራው አልተባረረም፦ ስለ ጎንደር ጎዳናና ስለ ወንዞቿ ድልድይ

ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምዕራብ ቀሃ፣ በምሥራቅ አንገረብ ይወርዳሉ፤ ውኃቸውም በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። ይህን የመሬት አቀማመጥ ያላስተዋለ ሰው የጎንደርን መንገዶች ታሪክ ሊረዳ አይችልም። በእግሩም ይምጣ በበቅሎ፣ በሠረገላም ይምጣ በመኪና፣ ወደ ጉብታው የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ ከወንዝ ጋር መነጋገር አለበትና። እንግዲህ የከተማዋ ጎዳና ታሪክ የድልድይ ታሪክም ነው ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም ወደ ጎንደርም ዘልቆ ጎዳናዎች ተቆፈሩ፤ አጥሮች ተነሡ፤ የፋሲል ግቢም እድሳት ተካሄደለት። በየቡና ቤቱ የሚሰማው ክርክር «አማረ» እና «ፈረሰ» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል የሚመላለስ ሆነ። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ በዝንባሌዬ ደግሞ ግጥም እሞካክራለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም። ሆኖም ከሁለቱ ቃላት በፊት መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ለመሆኑ በዚህች ከተማ ጎዳናና ድልድይ ያቀዱ ሰዎች ከእኛ በፊት ምን አሰቡ? ከሐሳባቸውስ የጸናው የትኛው ነው? መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ንጉሡና ኖራው

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት በአገራችን ደጋ ወንዝ መሻገር ማለት ወይ መልካ መፈለግ፣ ወይ ግንድ መጋደም፣ ወይም ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበር። ዘማችም ነጋዴም መስከረምን የሚናፍቀው ለአበባው ብቻ አልነበረም። ይህን የለወጠው ነገር ነጭ ዱቄት ነው፤ ኖራ።

የኢየሱሳውያን ማኅበር ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ እንደሚተርከው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ የእጅ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በዚሁ አገር ውስጥ አገኘ። ድንጋዩ ከእኛ ጋር ነበር፤ የጎደለው የሚያውቀው ዐይን ነው። ከዚያ በኋላ በጢስ ዓባይ አቅራቢያ በአላታ በኩል በዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ ቆመ። አንዳንዱ ለሱስንዮስ፣ አንዳንዱ ለልጁ ለፋሲል ይሰጠዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ «የፖርቱጊዝ ድልድይ» ይለዋል።

ዐፄ ፋሲል አባታቸውን ተክተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1632 ሲነግሡ ሃይማኖቱን ወደ ነበረበት መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑንም ከአገር አስወጡ። በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እፈልጋለሁ። መምህራኑ ተባረሩ፤ ኖራው ግን አልተባረረም። ንጉሡ የሚጠሉትን ትምህርትና የሚጠቅመውን ጥበብ ለያይተው ማየት ችለዋል። ግንቡም፣ የጥምቀት ባሕሩም፣ በየወንዙ የተዘረጉት ቅስት ድልድዮችም የዚህ ማስተዋል ፍሬዎች ናቸው። በትውፊት ፋሲል ሰባት ድልድዮች አሠሩ ይባላል። ሰባት በእኛ ዘንድ የሙላት ቁጥር ነውና፣ አባባሉን ከሒሳብ ይልቅ እንደ ምስጋና ብንወስደው ይሻላል።

«ፖርቱጊዝ» የሚለው ስም ግን አንድ በደል አለበት፤ የግንበኛውን እጅ ይሰውራል። በጎንደር ግንብና አናጢነት ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ቤተ እስራኤል ነበሩ። ካይላ ሜዳ የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። በሌላ ወገን፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1668 የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ ሰፈራቸውም በቀሃ አጠገብ ሆነ። ንግዱ ግን በእነርሱ እጅ ስለነበር ከተማዋ ያለ እነርሱ መዋል አልቻለችም። አዋጅ የለየውን ሰው ገበያ ያገናኘዋል፤ ገበያውም መንገድና መሻገሪያ ይፈልጋል። የድልድይ የመጀመሪያ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ሰውን ከሰው የሚያስታርቅ ነገር ነው።

ፒያሳና ወረቀቱ

ጎንደር ከዚያ በኋላ ብዙ አየች። በ1859 ዓ.ም በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም ደግሞ በድርቡሾች ተቃጠለች። መንገዶቿ ለረጅም ጊዜ የበቅሎና የእግረኛ መንገዶች ሆነው ቆዩ። በ1928 ዓ.ም መጋቢት የስታራቼ ጦር በመኪና ገሥግሦ ሲገባ ግን ሌላ ዓይነት ዕቅድ አብሮት መጣ።

የጎንደርን የጣሊያን ዘመን ፕላን የነደፈው ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። ፕላኑ በጥበቡ የሚናቅ አልነበረም። ግንቦቹን አላፈረሰም፤ አዲሱን ከተማ ከእነርሱ ጋር አያይዞ በጉብታው ላይ ዘረጋው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ የሱቆቹ ረድፍ የዚያ ሥራ ናቸው። ከአስመራ በሊማሊሞ ተጠማዝዞ የመጣው መንገድም ደጋውን ከከተማው ጋር በጎማ አገናኘ። ነገር ግን ያው ፕላን የነጭና የጥቁር መኖሪያና ገበያ ለይቶ የሚያስቀምጥ የዘር ፖሊሲ ነበረበት። በወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሠመረው እጅ በሰዎች መካከልም መስመር አሠመረ።

በኅዳር 1934 ዓ.ም የጄኔራል ናዚ ጦር በጎንደር እጁን ሰጠ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግም ወደቀ። አገዛዙ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከዕቅዱ የቀረው ምንድን ነው? የመለያየቱ ክፍል በአንድ ሌሊት ሞተ፤ ሕዝቡ ወደ ፒያሳ ገብቶ ሱቁን ከፈተ፤ ቡናውን አፈላ። ጎዳናው ግን ቀረ። ስሙም ቀረ፤ «ፒያሳ» እና «አውቶ ፓርኮ» ዛሬ የጎንደሬ ቃላት ናቸው። ፋሲል በኖራው ያደረጉትን ሕዝቡም በፒያሳ ደገመው፤ የሚጠቅመውን አስቀርቶ የማይጠቅመውን ጣለ።

ችግሩ ጎዳናው የተሠራው ለጥቂት ሰው መሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ጎንደር 112,249 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም 207,044 ሆኑ። በ12 ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ቀራት ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ዕድገቷ አልቆመም። ስለዚህ ጎዳናው ይስፋ የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው እንዴት ይስፋ ነው።

ሰባራው ድልድይ

ስለ ድልድይ የሚያስብ ሰው በጎጃምና በበጌምድር መካከል በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ማሰብ ይገባዋል። በፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉን ሰበሩት። ለአገር ሲባል የተሰበረ ድልድይ ነውና ስብራቱም ክብር አለው። ነገር ግን ጠላት ከሄደ በኋላ የጎደለው ቅስት ሳይሞላ አሥርት ዓመታት አለፉ። ገበሬውና ነጋዴው ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ ከወዲያና ከወዲህ ሰው እየጎተታቸው ይሻገሩ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ድልድዩን ሊጠግን ተነሣ፤ ለድሆች አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም አቋቋመ። ጥገናው በ2002 ተፈጸመ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከወንዙ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ሁለት ነገር እማራለሁ። አንደኛው፣ የቅስት ጠባይ ነው። ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው፤ እያንዳንዱ ሸክሙን ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለምሰሶው ያስረክባል። ከመካከል አንዱ ሲጎድል የቀሩት የሚደገፉበትን ያጣሉ። ሁለተኛው፣ የወንዝ ጠባይ ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አባቶች፤ በበጋ ልጆች የሚራጩበት ወንዝ በነሐሴ ሌላ ፍጥረት ነው። ያንን ፍጥረት ያላሰበ ጥገና ቢያምርም አይከርምም።

ሦስት ቆጠራዎች

እንግዲህ ዛሬ በጎንደር አንድ የተጨናነቀ ጎዳና ከነወንዙ መሻገሪያ እንደገና ይሠራ ሲባል፣ ከቆፋሪው መኪና በፊት ሦስት ቆጠራዎች ሊደረጉ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የውኃ ቆጠራ ነው። መሐንዲሶች ድልድይን የሚነድፉት በ50 ወይም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ለሚገመት ጎርፍ ነው። ይህ ማለት ግን ጎርፉ 100 ዓመት ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። ድልድይን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለውም ከላይ የሚያልፈው ክብደት ሳይሆን ከሥር የምሰሶውን መሠረት የሚሸረሽረው ውኃ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ውኃው ብቻውን አይመጣም፤ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይመጣል። የከተማዋን የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱ የታወቀ ነው። ግድብን የሚሞላ አፈር የድልድይን ዐይንም ይደፍናል። በዚያ ላይ ጎዳና በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ በተሸፈነ ቁጥር መሬቱ የሚጠጣው ዝናብ ያንሳል፤ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ይበዛል። ስለዚህ የጎንደር ድልድይ ዕቅድ መጀመር ያለበት ከከተማው ሳይሆን ከላይ ካለው ተራራና ከእርከኑ ነው።

ሁለተኛው የሰው ቆጠራ ነው። በሌላ ከተማ የመንገድ ስፋት የሚለካው በመኪና ብዛት ይሆናል፤ በጎንደር ግን ጥምቀት አለ። በከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በቀሃ አጠገብ ወዳለው የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ጎዳናው ራሱ ቤተ መቅደስ ይሆናል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ጥር 11 ቀን ደግሞ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ክብሩና ሐዘኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ደረሱ። ሕዝብ የሚሸከም ማንኛውም ነገር፣ መቀመጫም ይሁን ድልድይ፣ መለካት ያለበት በዘወትር ቀን ሳይሆን በጥር 11 ነው። ባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የራሳቸው መተላለፊያ ተተውላቸዋል። የእኛ ወንዞች ያን ያህል ሰፊ አይደሉም፤ ለእግረኛ ቦታ የመተው ሐሳብ ግን በትንሽ ድልድይም ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው የእንጀራ ቆጠራ ነው፤ በዚህኛው ሙያዬ ትንሽ ያግዘኛል። አንድ የንግድ ቤት ለብድር መያዣ ሲገመት ግድግዳው፣ ጣሪያውና ቦታው ዋጋ ያገኛሉ። በግምት ወረቀቱ ላይ «ደንበኛ» የሚል መስመር የለም። የልብስ ሰፊው፣ የጫማ ጠጋኙ፣ የቡና ቤቷ እመቤት እውነተኛ ሀብት ግን እርሱ ነው፤ በየጠዋቱ በዚያ በር የሚያልፈው ሰው። በረንዳ ለማስፋት ሱቁ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሸሽ ግድግዳው ይተካ ይሆናል፤ አላፊው ግን ሱቁን ተከትሎ አይሄድም። ጎዳና በአንዴ ከዳር እስከ ዳር ሲቆፈርም እንዲሁ ነው። መንገዱን በየወገኑ ከፍሎ መሥራት፣ አሮጌው ድልድይ ሳይዘጋ ጊዜያዊ መሻገሪያ ማዘጋጀት፣ መሠረቱን ከመስከረም በኋላ ጀምሮ ከክረምት በፊት ማውጣት፣ የውኃና የመብራት መስመሩን ከአስፋልቱ በፊት መቅበር ለመሐንዲሱ የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ ለባለ ሱቁ ግን የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እኔ «አይነካ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያልተነካ ከተማ የለም፤ ፋሲልም ነክተውታል። «ይፍረስና ይታይ» ከሚሉትም አይደለሁም። ከ1972 ዓ.ም ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ያላት ከተማ ለአዲሱም ለአሮጌውም አደራ አለባት። አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ለከባድ መኪና ካልቻለ ጎኑ ላይ አዲስ ይሠራ፤ አሮጌው ለእግረኛ ይቅር። ጥገናውም በሲሚንቶ ሳይሆን ባቆመው በኖራ ይሁን፤ ሲሚንቶ ለአሮጌ ድንጋይ እጅግ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱን ይዘጋበታል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ኖራ ከእኛ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ እንደ ፋሲል የሚያውቀው ዐይን።

በዚህ አጋጣሚ የተቋጠረች ስንኝ ስላለች ለስንብት ልተዋት፦

ንጉሡም አለፈ ጄኔራሉም ሄደ፣
ቀሃ ግን በየክረምት ሞልቶ ወረደ፤
መንገድ የሚያሰፋ ድልድይ የሚሠራ፣
ከወንዙ ይማከር ከሚያልፈው ጋራ፤
ቢቆምም ተገንብቶ በአለትና ኖራ፣
ሰው ካልተሻገረው ድንጋይ ነው በተራ።

ቸር ይግጠመን።