የመሬት ፍቅርና የገበሬ ኑሮ በልብ ወለድ ታሪክ

ሰው ሁሉ የሚኖረው ከመሬት በሚገኘው ሲሳይ ሲሆን፣ ስለ መሬትና ስለ አራሹ የተጻፈው መጽሐፍ ግን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ጥቂት ነበረ። ዜና መዋዕል የንጉሡን ዘመቻ፣ የመኳንንቱን ሹመትና ሽረት ይተርካል፤ ለዘመቻው ስንቅ የሆነውን እህል ማን እንዳረሰው፣ ማን እንዳጨደው ግን አይተርክም። የአውሮፓም መጻሕፍት ብዙ ዘመን እንዲሁ ነበሩ። ገበሬ በታሪኩ ውስጥ ቢገባ እንኳ ለጌታው ፈረስ ያዥ ወይም ለአንባቢ መሣቂያ ሆኖ ይገባ ነበር እንጂ፣ እንደ ሰው የሚያፈቅር፣ የሚያዝንና የሚበድል ሆኖ አይታይም ነበር።

በዛሬው ጽሑፋችን የገበሬን ኑሮ ዋና ነገራቸው ያደረጉትን ጥቂት የታወቁ ልብ ወለድ ታሪኮች በየተራ ልንመለከት አስበናል። የውጭ አገሩ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን በራሳችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል። የመሬት ፍቅር ሲባል ሰው ሁሉ መልካም ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን መሬትን የሚወድ ሰው ሁሉ በመሬቱ ላይ ያለውን ሰው ይወዳልን? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

ጆርጅ ሳንድ በሚል የወንድ ስም ትጽፍ የነበረች ፈረንሳዊት ደራሲ በ1846 «የዲያብሎስ ኩሬ» የተባለውን አጭር ታሪክ አወጣች። በዚህ መጽሐፍ አራሹ የዋህና ቅን፣ እርሻውም ያማረ ሆኖ ይታያል። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ኤሚል ዞላ «መሬት» የተባለውን ልብ ወለድ ባሳተመ ጊዜ ግን ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሥዕል ታየ። ፉዋን የተባለ ሽማግሌ ማረስ ሲያቅተው ጦረታ ሊሰጡት ቃል አስገብቶ መሬቱን ለልጆቹ ያካፍላል። ልጆቹም መሬቱን ከያዙ በኋላ አባታቸውን ይንቁታል፤ በመጨረሻም አንዱ ልጁ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ይገድለዋል። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ አምስት ወጣት ጸሐፊዎች ዞላን በጋዜጣ አወገዙት። ሳንድ ገበሬውን መልአክ አደረገችው፤ ዞላ አውሬ አደረገው። ሰው ሆኖ እንዲታይ ሌላ ደራሲ ያስፈልግ ነበር።

ይህም ደራሲ ከፖላንድ ተገኘ። ቭላዲስላቭ ሬይሞንት በ1867 የተወለደ፣ አባቱ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ የነበረ፣ በባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት በትንሽ ደመወዝ ተቀጥሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው። «ገበሬዎች» የተባለውን መጽሐፉን ከ1904 እስከ 1909 በአራት ክፍል አሳተመው፤ ክፍሎቹም በአራቱ የዓመት ወራት ስም ተሰየሙ። በዚያን ጊዜ ፖላንድ ራሷን የቻለች መንግሥት አልነበረችም፤ በሦስት ነገሥታት ተከፍላ ትገዛ ነበር። በሩሲያ ግዛት በነበረው ክፍል ገበሬው የሚያርሰውን መሬት ርስቱ ያደረገለት ዐዋጅ የወጣው በ1864 ነው። ነገር ግን ገበሬው ከጌታው ደን እንጨት የመቁረጥና ከብት የማሰማራት የቆየ ልማድ ነበረውና፣ ይህ ነገር በሚገባ ሳይወሰን ስለ ቀረ ለብዙ ዘመን የጠብ ምክንያት ሆነ። የሬይሞንት ታሪክ የሚፈጸመው በዚህ ጠብ ውስጥ ነው።

የአገራችን ሰው ርስትንና ሚስትን አጣምሮ ይጠራል፤ በሁለቱም የመጣበትን አይታገሥም። የሬይሞንትም ታሪክ የተመሠረተው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው። ሊፕትሴ በተባለች መንደር ከገበሬዎች ሁሉ ባለጠጋ የሆነው ማቼይ ቦሪና ሚስቱ ከሞተች በኋላ ያግና የተባለችውን ቆንጆ ልጃገረድ ያገባል፤ ለጋብቻዋም ስድስት ሞርግ መሬት በስሟ ያጽፍላታል። ይህ በእኛ ልክ ቢታሰብ የአንድ ጋሻ ዐሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። አባቱ ርስት ሳያካፍለው በቤቱ እንደ ሎሌ የሚሠራው ልጁ አንቴክ በመሬቱ መሄድ ይቃጠላል፤ ደግሞም ያግናን ራሱ ያፈቅራታል። አባትና ልጅ እስከ ድብድብ ይደርሳሉ። ነገር ግን መንደሩ ስለ ደኑ ከጌታው ሰዎች ጋር በተዋጋ ጊዜ፣ አባቱ ተመትቶ ሲወድቅ ያየው አንቴክ ጠቡን ረስቶ የመታውን የደን ጠባቂ ይገድላል።

ቦሪና ብዙ ቀን ሳይናገር ተኝቶ ከቆየ በኋላ በጸደይ ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ወደ እርሻው ይወጣል። በሸሚዙም አፈር እየዘገነ ዘር የሚዘራ መስሎት ሲበትን እዚያው ወድቆ ይሞታል። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ይህ የመሬት ፍቅር ፍጻሜ ነው ብሎ ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሬይሞንት በዚህ አላበቃም። በመጽሐፉ መጀመሪያ አጋታ የምትባል አሮጊት፣ ዘመዶቿ በብርዱ ወራት የሚያበሏት ስለሌላቸው፣ መንደሩን ለቃ ለልመና ስትወጣ እናያለን። በመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ መንደሩ ያግናን በእበት ጋሪ ጭኖ፣ አዋርዶ ከዳርቻው ውጭ ሲጥላት እናያለን። መሬቱን እንዲህ አድርጎ የሚወደው ሕዝብ ለአንዲት አሮጊትና ለአንዲት ሴት ልጅ የሚሆን ስፍራ አጣ። ደራሲው መንደሩን አልነቀፈም፣ አላመሰገነምም፤ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀመጠልን። በ1924 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚሁ መጽሐፍ ነው።

ከእርሱ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1920፣ ያንኑ ሽልማት የተቀበለው የኖርዌዩ ክኑት ሐምሱን ነበረ፤ የተሸለመበትም መጽሐፍ በ1917 ያሳተመው «የመሬት ፍሬ» ነው። ይስሐቅ የተባለ ብርቱ ሰው ብቻውን ወደ ሰሜን ጠፍ አገር ይገባል፤ ጎጆ ይሠራል፣ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ያርሳል። ከንፈሯ ከተፈጥሮ የተሰነጠቀ ኢንገር የምትባል ሴት መጥታ ሚስቱ ትሆናለች። ጎጆው ቤት፣ ቤቱም ትልቅ እርሻ ይሆናል። ያን ጊዜ አውሮፓ በታላቁ ጦርነት ላይ ነበረችና፣ ከመድፍና ከፋብሪካ ጢስ መካከል ሆኖ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ልቡ ቢማረክ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በሬይሞንት መጽሐፍ ዳኛ፣ ቄስ፣ ጎረቤት፣ ለማኝ፣ የደን ጠብ ሁሉ አለ፤ በሐምሱን መጽሐፍ ግን መሬቱ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይጀምራል። በእውነቱ በዚያ ሰሜን አገር ሬንዴር የተባለውን የበረዶ አገር አጋዘን እያረቡ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ሳሚ የተባሉ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር። እነርሱም በመጽሐፉ ውስጥ ያልፋሉ፤ ነገር ግን እንደ ለማኝና እንደ ክፉ ዐይን ተቆጥረው፣ በንቀት ተጽፈው ያልፋሉ። ደራሲው ኋላ የሠራው ሥራ ደግሞ ይታወቃል። ጀርመኖች ኖርዌይን በያዙ ጊዜ ሐምሱን ከእነርሱ ጋር ቆመ፤ በ1943 የኖቤል ሜዳሊያውን ለጎብልስ ሰጠው፤ በ1945 ሂትለር ሲሞት የሚያመሰግን ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። ከጦርነቱም በኋላ የአገሩ ፍርድ ቤት ከባድ የገንዘብ ካሣ ፈረደበት። መጽሐፉ ስለዚህ ሁሉ ኃጢአተኛ ነው አንልም፤ ዛሬም ቢሆን ውበቱ አልጠፋም። ነገር ግን አፈሩን አክብሮ በአፈሩ ላይ የሚሄደውን እንግዳ ሰው የሚንቅ ፍቅር ወዴት እንደሚያደርስ ከደራሲው ሕይወት እንማራለን።

ሦስተኛዋ የኖቤል ተሸላሚ ፐርል በክ ናት። በ1892 በአሜሪካ ተወለደች፤ ወላጆቿ የወንጌል መልእክተኞች ነበሩና በሕፃንነቷ ወደ ቻይና ወስደው በዚያ አሳደጓት። ባሏ ጆን ሎሲንግ በክ የግብርና ሊቅ ሲሆን፣ በ1937 ባወጣው ጥናቱ በ22 የቻይና አውራጃዎች የሚገኙ 16,786 እርሻዎችን መርምሮ ነበር። እርሷም ከእርሱ ጋር በገበሬዎች መካከል በኖረችበት ዘመን ያየችውን ይዛ በ1931 «መልካሚቱ ምድር» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1938ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

ቫንግ ሉንግ የተባለው ድኻ ገበሬ፣ ሕዋንግ በተባሉት ባለጠጎች ቤት ባሪያ የነበረችውን ኦላንን ያገባል። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ያርሳሉ፤ ካገኙት ብርም ላይ ቆጥበው ከእነዚያው ባለጠጎች መሬት ይገዛሉ። ረኃብ በመጣ ጊዜ ወደ ደቡብ ከተማ ተሰደው እርሱ ሰው በጋሪ እየጎተተ፣ ሚስቱና ልጆቹ እየለመኑ ይኖራሉ፤ መሬቱን ግን አይሸጥም። ወደ አገሩ ተመልሶ ሲከብር ታሪኩ ይለወጣል። ኦላን ለራሷ የለመነችው ሁለት ዕንቁ ብቻ ነበረ፤ ቫንግ ሉንግ እርሱን እንኳ ከእጅዋ ወስዶ ለቁባቱ ይሰጠዋል። ኋላም በሕዋንግ ግቢ ራሱ ይገባል፤ ባሪያ ያስቀጠረውን ቤት የወረሰው ሰው እንደዚያው ቤት ይሆናል። በመጨረሻም ሽማግሌው መሬቱ እንዳይሸጥ ልጆቹን ሲለምን፣ ልጆቹ እሺ ይሉታል፤ ነገር ግን በራሱ ላይ ተያይተው ፈገግ ይላሉ። በመሬቱ ላይ አብራው የደከመችውን ሴት የዘነጋ አባት፣ መሬቱን የሚያከብሩ ልጆች ማፍራት አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የገበሬውን ኑሮ በሰፊው ካሳዩት ልብ ወለድ ታሪኮች ዋነኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መሆኑ የታወቀ ነው። ደራሲው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት የተዋጉና በኢጣልያ የታሰሩ ሰው ናቸው። አንባቢ ብዙ ጊዜ ይህን መጽሐፍ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያስታውሰዋል። ነገር ግን ታሪኩ የሚጀምረው በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ጎጆ ነው። በመካከሉም የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማድ ውጭ የሆነውን ግብር አንከፍልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡ፣ ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪም ተማርከው ሲገቡ እናነባለን።

በጎጃም ገበሬው ከአቅኚ አባቱ የወረደለት ርስት ነበረው፤ ከርስቱ ላይ ግን ባለ ጉልቱ ግብር ይቀበል ነበር። በብዙው የደቡብ አገር ደግሞ አራሹ ጭሰኛ እንጂ ባለ ርስት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም ራሷ የሰሞን መሬት ነበራትና፣ የካህናቱ መተዳደሪያ ከገበሬው ጎተራ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ይህን የምናነብ ካህናትና የከተማ ሰዎች ከታሪኩ ውጭ ቆመን ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ ልንነቅፍ አንችልም። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ተሰልፈው ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ አንድ ቤተ ሰብ ሊይዝ የሚችለውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጭሰኝነት ስም ቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ። ነገር ግን በወንድማማች መካከል ያለው የወሰን ክርክር፣ የመበለቲቱ ድርሻ፣ የወጣቱ መሬት አልባነት በዐዋጅ ብቻ አላለቀም። ልብ ወለድ ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ዐዋጅ ሊደርስበት የማይችለውን የልብ ውስጥ ወሰን ያሳያልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ገበሬና ስለ መሬት ፍቅር የተጻፈ መጽሐፍ በእጅህ በገባ ጊዜ፣ የሜዳውን ልምላሜና የበሬውን ጉልበት እያደነቅህ ብቻ አትለፍ። መሬቱ የማን ነው? የሚያርሰው ማን ነው? የሚወርሰውስ ማን ነው? ከእርሱስ የተገፋው ማን ነው? ብለህ ጠይቅ። እነዚህን አራቱን የማይመልስ ደራሲ፣ ቃሉ ያማረ ቢሆንም፣ የናቡቴን የወይን ቦታ እያመሰገነ ናቡቴን ረስቷል። መሬት ብታብብም ብታፈራም እርሷ ራሷ ማንንም አትበድልም፤ የሚበድለው በእርሷ ስም የሚምለው ሰው ነው። መልካም መጽሐፍ ማለትም የአጋታን ልመና፣ የኦላንን ሁለት ዕንቁ፣ ስሙ ያልተጻፈውንም ጭሰኛ ከአዝመራው ጋር አብሮ የሚያሳየን ነው።