ዎነርፍ

ዎነርፍ በሆላንድ የተጀመረ የሰፈር መንገድ ዓይነት ሲሆን፣ እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና መኪኖች አንዱን መንገድ በጋራ ይጠቀሙበታል። ቃሉ በሆላንድኛ «የመኖሪያ ግቢ» እንደ ማለት ነው። መኪና ወደ ዎነርፍ መግባት አይከለከልም፤ ነገር ግን እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ማለፍ ይኖርበታል።

ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሆላንድ የመኪና ብዛት በፍጥነት ስለጨመረ፣ ልጆች ይጫወቱባቸው የነበሩ መንገዶች የመኪና መተላለፊያና ማቆሚያ ሆኑ። በ1971 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ 3,300 ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የተባለ ሕዝባዊ ንቅናቄ ተነሣ።

ዎነርፍ የሚለውን ስም ያወጣው የከተማ ፕላን ባለሙያው ኒክ ደ ቡር ነው። ሐሳቡን በ1960ዎቹ መጨረሻ በዴልፍት ከተማ በተግባር ያዋሉት ዮስት ፋልና የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ መንግሥት ለዎነርፍ ሕጋዊ ደንብ አወጣ።

አሠራር

በዎነርፍ የእግረኛና የመኪና መንገድ በጠርዝ ድንጋይ አይለያዩም። ዛፎች፣ የአበባ መደቦች፣ አግዳሚ ወንበሮችና የመኪና ማቆሚያዎች መንገዱን እያጠማዘዙ ስለሚያጠቡት፣ አሽከርካሪው ምልክት ባያይ እንኳ ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል።

በሆላንድ ደንብ መሠረት፦

• እግረኞች የመንገዱን ሙሉ ስፋት መጠቀም፣ ልጆችም መጫወት ይችላሉ።
• ብስክሌትን ጨምሮ ማንኛውም ተሽከርካሪ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም።
• መኪና የሚቆመው ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው።

ዝቅተኛው ፍጥነት የተመረጠበት ምክንያት አለው። የመኪና የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ15 ከሚሄደው 11 እጥፍ ያህል ጉልበት ይኖረዋል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደውም ርቀት በዚያው ልክ ይረዝማል።

ጉድለቶች

መንገድን አፍርሶ እንደገና መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ሆላንድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወጪያቸው ያነሰ፣ ፍጥነት በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር የተወሰነባቸው ሰፈሮችን አስፋፍታለች። በተጨማሪም የጠርዝ ድንጋይ አለመኖሩ፣ መንገዳቸውን በበትር እየዳሰሱ ለሚሄዱ ዓይነ ስውራን ችግር ይፈጥራል።

በሌሎች አገሮች

ጀርመን በ1980 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ደንብ አወጣች፤ ብሪታንያም በ1990ዎቹ መጨረሻ «የመኖሪያ ቀጠና» በሚል ስም ሞክራዋለች።