ለገሃር፦ የቀድሞው የባቡር ጣቢያ፣ የምልክት አሰጣጥ ሥርዓቱና የቅርስ ጥበቃው

በአዲስ አበባ ከተማ በቸርችል ጎዳና ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ለገሃር የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር መስመር የመጨረሻ ጣቢያ ነበር። ስሙም የባቡር ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መስመሩን ለመዘርጋት የሚያስችለውን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። ዛሬ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። የመስመሩ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር።

የምልክት አሰጣጥ ሥርዓት

መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ስለነበረ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መስመር ቀጣዩ ጣቢያ ሐዲዱ ነፃ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር እንዲነሳ አይፈቀድም።

ብዙ ባቡር በሚስተናገድባቸው የዓለም ከተሞች ይህን ሥራ ለመምራት የምልክት ቤት ይሠራ ነበር። ሠራተኛው ከፍ ካለው ክፍል ሆኖ ግቢውን እየተመለከተ፣ በብረት ዘንጎች አማካይነት የሐዲድ መቀየሪያዎችንና የምልክት ክንዶችን ያንቀሳቅሳል። እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፈጠራ ዘንጎቹን እርስ በርስ በማያያዝ፣ መቀየሪያው በትክክል ሳይዞር የማለፊያ ምልክት እንዳይሰጥ ለማድረግ አስችሏል። በዚህም ከሰው ስሕተት የሚመጣ አደጋ ቀንሷል። በዛሬው ጊዜ ይኸው ተግባር በኤሌክትሪክና በኮምፒዩተር ይከናወናል።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የአዲስ አበባ መንገደኞችን የሚያስተናግደው በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ስለሆነም ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚጓዙ ተገልጋዮች ወደ ለገሃር እንዳይሄዱ ይመከራል።

ጥበቃ የሚሹ ቅርሶች

ትላልቅ ሕንፃዎች በሁሉም ዘንድ ስለሚታወቁ ተቆርቋሪ አያጡም። በቀላሉ የሚጠፉት ግን የምልክት ፋኖሶች፣ የመቀየሪያ ዘንጎች፣ የቴሌግራፍና የስልክ መሣሪያዎች፣ የጉዞ መዝገቦች፣ ትኬቶችና ፎቶግራፎች ናቸው። እነዚህ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ወይም እንደ አሮጌ ወረቀት ከተወገዱ በኋላ ሕንፃው ቢቆምም ሥራው እንዴት ይካሄድ እንደነበር ማወቅ ያዳግታል። የቀድሞ ሠራተኞች ትዝታም በጊዜ ካልተመዘገበ የሚተካው የለም።

ከዜጎች የሚጠበቅ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፦

1. የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት አይፈቀድም።
2. ቅርስን ለማደስ ወይም ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።
3. በቁፋሮ ወይም በግንባታ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ አለበት።

ከባቡር ታሪክ ጋር የተያያዘ ዕቃ ወይም ሰነድ በእጃቸው የሚገኝ ዜጎች ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያቸው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊያሳውቁ ይችላሉ። ለምሳሌ በአርብ ገበያ ከተማ የሚኖር የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ በመጀመሪያ ጉዳዩን ለታች ጋይንት ወረዳ ማቅረብ ይችላል። በሚያመለክቱበት ጊዜ የዕቃውን ፎቶግራፍ፣ ከማን እንደተገኘና ለምን አገልግሎት ይውል እንደነበር የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ቢያያይዙ ማጣራቱን ያቀላጥፋል። ዕቃውን ከማሳየት በፊት ዝገቱን መፋቅ፣ ቀለም መቀባት ወይም ክፍሎቹን መፍታት አይገባም፤ የፋብሪካ ምልክትና ቁጥር ሊጠፋ ይችላልና።