በሰው ጐድን ላይ የተቀረጸ ዘፈን

ደረቱን ራጅ የተነሣ ሰው ሁሉ ያን ጥቁር ፊልም ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ አይቀርም። እኔም ባለፈው ዓመት ሳል ጠንቶብኝ ሐኪም ቤት በሄድሁ ጊዜ ፊልሙን በእጄ ሰጥተውኝ፣ በመንገድ ላይ ወደ ፀሐይ እያነሣሁ የገዛ ጐድኔን አንድ ሁለት እያልሁ ስቈጥር ከቤቴ ደረስሁ። ሐኪሙ ደኅና ነህ ካለኝ በኋላ ግን ፊልሙ ለምንም የማይጠቅም ዕቃ ሆነና ከሣጥን ሥር ተጣለ። እንዲህ ያለው የተጣለ ፊልም በሶቪየት ኅብረት ለብዙ ዓመታት የተከለከለ ዘፈን መሸሸጊያ ሆኖ ነበር ቢባል ማን ያምናል? እኔም መጀመሪያ ስሰማው ተረት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነተኛ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ሌላ ርእስ አልፈለግሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የተጀመረው በሌኒንግራድ ከተማ ነው፤ ዛሬ የጥንት ስሟ ተመልሶላት ሴንት ፒተርስበርግ ትባላለች። ይህች ከተማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ1941 እስከ 1944 ድረስ 872 ቀን ያህል በጠላት ጦር ተከብባ፣ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝቧ በራብና በብርድ አልቆባታል። በዚያ ጭንቅ ጊዜ፣ ኦገስት 9 ቀን 1942፣ ከሞት የተረፉት የሬዲዮ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች፣ ከራብ የተነሣ ጉልበታቸው የደከመ ሲሆን፣ ተሰብስበው የዲሚትሪ ሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ ተጫወቱ። ሙዚቃውም በድምፅ ማጉያ ለከተማው ሕዝብ ተሰማ፤ ከብቦ ለነበረው ለጠላት ጦር ጭምር እንዲሰማ ተደረገ። እንግዲህ ሙዚቃ ለዚያ ሕዝብ ምን እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ፌብሯሪ 10 ቀን 1948፣ የኮሙኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ስለ ሙዚቃ አንድ ውሳኔ አወጣ። ምክንያት የተደረገው ሙራዴሊ የተባለ ሰው የደረሰው ኦፔራ ነበረ፤ ውግዘቱ ግን ከእርሱ አልፎ ፕሮኮፊየፍን፣ ካቻቱርያንን፣ እንዲሁም ያንኑ ሾስታኮቪችን ያዘ። ሙዚቃችሁ ለሕዝብ ጆሮ የማይስማማ ነው ተባሉ። ሾስታኮቪችም ከመምህርነቱ ተነሣ። በከበባው ወራት የከተማዪቱን ስም በዓለም ያስጠራ ሰው እንደ በደለኛ ተቈጠረ ማለት ነው።

ለታላላቆቹ እንዲህ ከሆነ ለታናናሾቹማ ምን ይቀርላቸዋል! ጃዝ የአሜሪካ ነው ተብሎ ተወገዘ፤ ታንጎና ፎክስትሮትም አብረው ተወገዙ። በ1949 በሞስኮ ሳክስፎን የሚነፉ ሰዎች መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። በቤሎሩሲያ የመንግሥት የጃዝ ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ኤዲ ሮስነር በ1946 ታስሮ ወደ ኮሊማ የግዞት አገር ከተላከ በኋላ የተፈታው በ1954 ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የፒዮትር ሌሽቼንኮ ነገር ነው። ይህ ሰው በኦዴሳ አካባቢ ተወልዶ በሩማንያ የኖረ ዘፋኝ ሲሆን፣ የሩሲያ ሕዝብ እጅግ ይወደው ነበር። መንግሥቱ ግን ስደተኛ ነው፣ በጦርነቱም ጊዜ ጠላት በያዘው በኦዴሳ ዘፍኗል ብሎ ድምፁን ከለከለ። በ1951 በሩማንያ ታሰረ፤ በ1954 በወህኒ ሐኪም ቤት ሞተ።

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር ልጠይቅ። በሌሽቼንኮ ዘፈን ውስጥ ምን የፖለቲካ ነገር አለ? ዘፈኖቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ መለየት፣ ስለ አገር ናፍቆት፣ ስለ ወይን ጠጅም የተዘፈኑ ናቸው። አመፅን የሚሰብክ አላገኘሁባቸውም። እንደሚመስለኝ መንግሥቱን ያስቈጣው፣ ሰው ከሥራው ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ የሚሰማውን ራሱ መምረጡ ነው።

በ1946 ስታኒስላቭ ፊሎን የተባለ ሰው በሌኒንግራድ ትልቁ ጐዳና በኔቭስኪ ቍጥር 75 አንድ የድምፅ መቅረጫ ቤት ከፈተ። በእጁም ቴሌፉንከን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራው የሸክላ መቅረጫ መኪና ነበረው። በግልጥ የሚሠራው ሥራ ሕጋዊ ነበር፤ ለዘመዱ ሰላምታ መላክ የሚፈልግ ሰው ገብቶ ድምፁን ያስቀርጻል። ማታ በሩ ሲዘጋ ግን መርከበኞችና ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ካመጧቸው የውጭ አገር ሸክላዎች የተከለከለው ዘፈን ይገለበጥ ነበር።

ነገር ግን በምን ላይ ይቀረጽ? የሸክላው ጥሬ ዕቃ ያለው በመንግሥት ፋብሪካ ነው። የራጅ ፊልም መፍትሔ የሆነው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ፊልም በቶሎ እሳት የሚይዝ ስለ ሆነ ሐኪም ቤቶች እንዲያስወግዱት ይታዘዙ ነበር፤ ሠራተኞቹም በጥቂት ገንዘብ ወይም እንዲያው በነጻ ሲሰጡት ደስ ይላቸዋል፤ ከማቃጠል ድካም ይድናሉና። ገዢው ፊልሙን በመቀስ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር በሚያህል ስፋት ክብ አድርጎ ይቈርጠዋል፤ መካከሉንም በተለኰሰ ሲጋራ ይበሳዋል። ከዚያ በአንድ ወገን ዋናው ሸክላ ሲጫወት፣ በሌላው ወገን የመኪናው መርፌ በሚዞረው ፊልም ላይ መሥመር እየቀደደ ይሄዳል። እኛ በአማርኛ ድምፅ ቀረጸ ስንል ድንጋይ ወይም እንጨት እንደሚቀረጽ አናስብም፤ በዚህ ሥራ ግን ቃሉ እንዳለ እውነት ነው።

ፋብሪካ አንዱን ሸክላ በቅጽበት ይጨፈልቀዋል። ይህኛው ግን ዘፈኑ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ይፈጃል፤ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። መቶ ቅጂ ለማውጣት ሦስት መቶ ደቂቃ፣ ማለት ያላንዳች ዕረፍት አምስት ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ በደብተሬ ጥግ ከሠራሁት በኋላ ነው የነገሩ ድካም የገባኝ። ይህ ሁሉ ተደክሞም ፊልሙ የሚቀረጸው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ድምፁም እንደ ዝናብ እያሸከሸከ ይወጣል፤ ጥቂት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ የግራማፎኑ ከባድ መርፌ መሥመሩን ያጠፋዋል። ቢሆንም ፊልሙ ተጠቅልሎ በኮት እጅጌ ውስጥ ይገባል፤ ፖሊስ ሲመጣ በቀላሉ ይሸሸጋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ገዢዎቹ ስሙን «ጐድን» ወይም «አጥንት» ይሉት ነበር።

በፊሎን ቤት ከሚመላለሱት ወጣቶች አንዱ ሩስላን ቦጎስሎቭስኪ ነበር። ይህ ልጅ መኪናውን በዓይኑ ሲያጠና ቈይቶ በ1947 ራሱ መሰሉን ሠራ። ከገጣሚው ጓደኛው ከቦሪስ ታይጊን ጋራም ሆኖ «የወርቅ ውሻ» የተባለ ስውር ማኅበር አቋቋመ። ስሙ ታዋቂ በሆነው የእንግሊዝ ሸክላ ፋብሪካ ምልክት ላይ፣ ከግራማፎን ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጠውን ውሻ ለማላገጥ የወጣ ነው።

በ1950 ተያዙ፤ በ1951 ተፈረደባቸው። ታይጊን የራሱንም ዘፈኖች ቀርጾ ስለ ነበር አምስት ዓመት፣ ቦጎስሎቭስኪ ሦስት ዓመት ተበየነባቸው። በማርች 1953 ስታሊን ሲሞት ምሕረት ወጣና ተፈቱ። እኔ ብሆን ኖሮ እውነቱን ለመናገር ወደዚያ ሥራ አልመለስም ነበር። ቦጎስሎቭስኪ ግን ተመለሰ፤ እንደ ገና ታሰረ፤ ወጥቶም ደገመ፤ በሕይወቱ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ስለ ሸክላ ታሰረ።

እነዚህን ሰዎች ሁሉ ጀግኖች ናቸው ብዬ ብጽፍ ግን ታሪክን አጣምማለሁ። ንግድ ነበር፤ ገንዘብም ያገኙበት ነበር። በጐዳና ላይ ከሚሸጡትም ብዙ አታላዮች ነበሩ። ገዢው ከፍሎ በፍርሃት ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ መርፌውን ሲያሳርፍበት ዘፈኑ ጥቂት ይጀምርና በድንገት አንድ ሰው በሩሲያኛ ጃዝ መስማት አማረህ ወይ ብሎ ይሰድበዋል። ተበደልሁ ብሎ ለፖሊስ እንዳያመለክት ራሱ ወንጀለኛ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መሳቄን አልደብቅም።

ከ1953 በኋላ ዘመኑ ጥቂት ለዘብ አለ፤ በ1957 የዓለም ወጣቶች በዓል በሞስኮ በተደረገ ጊዜ የውጭ አገር ልጆች ዘፈናቸውን ይዘው ገቡ። ሮክ ኤንድ ሮልም በፊልም ላይ መቀረጽ ጀመረ። መንግሥቱ በ1958 በቤት ውስጥ ሸክላ መሥራትን የሚከለክል ሕግ ቢያወጣም፣ «ጐድን»ን ያጠፋው ሕጉ አይመስለኝም። በ1960ዎቹ የቴፕ መቅረጫ በየቤቱ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ማናቸውም ሰው በገዛ ጠረጴዛው ላይ ቀራጭ ሆነ። የቡላት ኦኩድዣቫ፣ የአሌክሳንደር ጋሊችና የቭላዲሚር ቪሶትስኪ ዘፈኖች ከእጅ ወደ እጅ በቴፕ ተላለፉ። ቪሶትስኪ በጁላይ 1980፣ በሞስኮ የኦሎምፒክ ጨዋታ ሰሞን በሞተ ጊዜ፣ ጋዜጦች ያወጡት ከጥቂት መሥመር የማይበልጥ ሲሆን፣ የሚሠራበትን ቲያትር ቤት ለቀስተኛው በብዙ ሺህ ሆኖ ከበበው።

ከነዚያ ፊልሞች የተረፉት ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። ስቲቨን ኮትስ የተባለ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ በሴንት ፒተርስበርግ ገበያ አንዱን አግኝቶ በነገሩ ስለ ተማረከ በ2015 መጽሐፍ አሳተመባቸው። ፎቶግራፎቹን አይቻቸዋለሁ። በአንዱ ላይ የሰው እጅ፣ በሌላው ላይ የራስ ቅል፣ በብዙዎቹም ላይ ደረት ይታያል፤ በጐድኖቹ መካከል መሥመሮቹ እየተጠማዘዙ ይዞራሉ። ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ በአንዳንዱ ላይ በልብ አጠገብ ነው። ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የቀራጮቹም ስም ከፍርድ ቤት መዝገብ ገብቷል። የጐድኑ ባለቤት ግን ከከበባው የተረፈ ይሁን፣ ሳንባው ይዳን አይዳን፣ በጀርባው ላይ የዞረውንም ታንጎ አንድ ቀን ሰምቶት ይሁን፣ የሚነግረን የለም።